አንድ መስሎኝ ነበር

አርባ ቶን በቆሎ ጭኜ ስነዳ፣
ሌሊቱን ስሰነጥቅ በማቶ ግሮሶ ሜዳ፣
መብራት አየሁ ከሩቅ። ከተማ መሰለኝ፤
ሃያ ዓመት ስመላለስ ያላየሁት ከተማ፣ እንቅልፍ ያታለለኝ።

ኩይሳ ነው ለካ።
የምስጥ ኩይሳ፣ ቁመቱ ከሰው የሚለካካ፣
ዝናብ ሊገባ ሲል ትል የሚያበራበት፣
አረንጓዴ ፋኖስ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰቀለበት።
ያቺ ትል ለጌጥ ብላ አታበራም፤
በክንፉ የሚመጣ እንግዳ ከአፏ አይተርፍም፣ እሷም አትራራም።

ራዲዮው ያንቋርራል። የፍሬን ዘይት ይሸታል።
ኔውዛ ደውላ ነበር፦ የቤት ኪራይ ደርሷል፣ ልጁም ሳል ይዞታል።
እግሬ ነዳጁ ላይ ነው።
ከዚያ ረጅም ጥላ፣ ዝግ ብሎ፣ አስፋልቱን የሚያቋርጠው።

ፍሬን።
የጎማ ጩኸት። አርባው ቶን ከኋላ ገፋኝ።
ድምፁ ትራስ እንደ መምታት ነበር። እሱ ነው የከፋኝ።

ታማንዱዋ ነበረች፣ ባለባንዲራዋ፣
ነፋስ ሲነሣ እንደ ሰንደቅ የሚዘረጋ ጭራዋ።
ጥርስ የሚባል የላትም። አፏ የእርሳስ ውፍረት፣
ምላሷ ክንድ ሙሉ፤ ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ያመነች ፍጥረት።

አባቴ ዱር መንጣሪ ነበር። በሁለት ትራክተር መሃል ሰንሰለት ዘርግቶ፣
ዛፉን ከነወፉ ሲያስተኛው የኖረ፣ በቀን ጋሻ መሬት ጎትቶ።
እሱ ነው በልጅነቴ ያሳየኝ፦ "አየሃት አበላሏን?
ኩይሳውን ቀደድ ታደርግና ታስገባለች ምላሷን፤
ደቂቃም አትቆይ፤ ወታደሩ ምስጥ ሳይነክሳት ትሄዳለች፣
ቤቱን ግን አታፈርስም። ለነገ ታውቃለች።"
ይህን ብሎኝ፣ ሞተር አስነሥቶ፣ ሰንሰለቱን ሳበ።
የሚያውቀውን እያወቀ፣ ሰው ከሥራው የት ይቀራል፣ ልጁ ከተራበ?

የእጅ ባትሪ ይዤ ወረድኩ።
ከመንገዱ ላስወግዳት ጭራዋን ጨበጥኩ።
ትከሻዋ ላይ ያ ጥቁር ጥብጣብ፣ በነጭ የተከፈፈ፤
ጥብጣቡ ላይ ደግሞ ሌላ ጥብጣብ፣
ልክክ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ አንድ መስሎ ያረፈ።
ጥብጣቡ ተነፈሰ።
ግልገል ነው። ከሞተ ጀርባ ላይ፣ ጥፍሩን ሳይነቅል፣ አለቀሰ።

ምን ላድርግ?
አይነክስ፤ በምን ይነክሳል? ጥፍሩ ግን ሸሚዜን አልፎ ገባ፣
ጀርባዬን ሲያገኝ ዝም አለ። ጀርባ ነው የሚያውቀው፤ የማንም ይሁን፣ ብቻ ጀርባ።
እንዲህ ሆነን ካምፖ ግራንዴ ድረስ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣
መሪው ላይ አጎንብሼ፣ ወንበሬን ሳልደገፍ፣ ለራሴም ሳልናገር።

ሚዛን ጣቢያው ላይ ፖሊሱ ባትሪውን አበራብኝ፦
"ጭነትህ ምንድነው?"
"በቆሎ።"
"እሱስ፣ ጀርባህ ላይ ያለው?"
"እሱም ጭነት ነው። አርባ ቶን፣ ከሁለት ኪሎ።"
ሳይስቅ አሳለፈኝ።

ሐኪሟ፣ ሉሲማራ፣ ጥፍር በጥፍር እየቆጠረች አላቀቀችው፤
የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አምጥታ አሳቀፈችው።
አቮካዶ ከወተት ፈጭታ በጡጦ ታጠጣዋለች አሉ፤ ደኅና ነው፣ ይጠባል።
ግን ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱ እስኪሄድለት ይጠብቃል።

ቤት ስገባ ኔውዛ ሸሚዜን ስታወልቅ አየች፣
የደረቀ ደም፣ ስምንት መስመር። "ጁራንዲር፣
ይሄ የማናት ጥፍር?" አለች።
ነገርኳት። አላመነችም። ሳቀች፤ እንደገና አስነገረችኝ።
ከዚያ ልጁ ሲያስለው ጊዜ ከአልጋው አንሥታ
ምንም ሳትል፣ ጀርባዬ ላይ አስተኛችልኝ።

አሁን ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በአርባ ነው የምሄድ።
ኩባንያው በሳተላይት ያየኛል፤ ከደመወዜ ይቆርጣል፤ ይውሰድ።
ኩይሳው በሩቅ ያበራል፣ ከተማ ይመስል፤
ጀርባዬን ይበላኛል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል።